«ስሜን ሲያጡት ጉዳዩ የተዘጋ መሰለኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ የፖስታ አድራሻችን «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ በሚጻፍበት ሰፈር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተሃል ተብዬ የ90 ዶላር ቲኬት ተሰጥቶኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ቤት ስቀይር ወረቀቱ ከዕቃ ጋር ተደባልቆ ጠፋብኝ፤ የሌላ ስቴት ጉዳይ ነው ብዬም ተውኩት። ባለፈው ጥር ቤይሊስ ክሮስሮድስ አጠገብ ስልክ በእጄ ይዤ ስነዳ ፖሊስ አስቆመኝና መንጃ ፈቃዴ ታግዶ እንደቆየ ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያች ሰዓት በፊት ስለ እገዳው የሰማሁት ነገር አልነበረም። መጥሪያውን አስፈርሞ ሰጠኝ፤ መኪናውንም ጓደኛዬ መጥቶ ወሰደልኝ።

የቀጠሮው ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ጓደኛዬ እየነዳልኝ ኪንግ ስትሪት ላይ ካለው የአሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። በመስኮቱ በኩል የምታስተናግደው ሠራተኛ በስሜም በአባቴም በአያቴም ስም ፈልጋ «እዚህ የለህም» አለችኝ። ስሜን ሲያጡት ጉዳዩ የተዘጋ መሰለኝ፤ ፖሊሱ ምሮኝ ወረቀቱን ሳያስገባው ቀርቷል ብዬ፣ ፈጣሪዬን አመስግኜ ተመለስኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ወዳጄ በስልኩ ፈልጎ «ካፒያስ (የመያዣ ትእዛዝ) ወጥቶብሃል» ሲለኝ መሬት ከዳኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪና አልነካሁም፤ ሥራ የምሄደው በአውቶቡስ ነው። አንዱ «ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ በዓመቱ ይቃጠላል» ይለኛል፤ ሌላው «ሜሪላንድ ግባ» ይለኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እግርህ ፍርድ ቤቱን እንደረገጠ ካቴና ነው» ብሎ እንቅልፌን ነሥቶኛል። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ለዜግነት አመልክቼ ቃለ መጠይቅ እየጠበቅሁ ነው። ምን ይመክሩኛል?

(ስሜ ይቆይልኝ፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የተጨነቀ ሰው መልሱን ከመጨረሻው ገጽ እንዲፈልግ ማድረግ ስለማይገባ ዋናውን ከፊት አደርገዋለሁ። በእግርዎ ሄደው ይቅረቡ፤ ነገር ግን ከመቅረብዎ በፊት ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀናት የሚወስድ ዝግጅት አለብዎት፤ ወደዚያም ራስዎ እየነዱ እንዳይሄዱ። ራሱ የቀረበ ሰውና መንገድ ላይ ተይዞ የመጣ ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም። ይህን የምለው ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት በሰሜን ቨርጂኒያ ችሎቶች ለአማርኛ ተናጋሪዎች ባስተረጎምኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ጠበቃ ግን አይደለሁም፤ የጠበቃን ቦታም በዚህ መልስ አልተካም።

በመጀመሪያ ስምዎ ለምን እንደጠፋ ልንገርዎ፤ ምክንያቱ ለክርክርዎም ይጠቅማል። በቨርጂኒያ ከተሞች ከካውንቲዎች የተለዩና ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። የአሌክሳንድሪያ ከተማ የራሷ ፍርድ ቤት አላት፤ የፌርፋክስ ካውንቲም የራሱ አለው። ፖስታ ቤት ግን ይህን ወሰን አይጠብቅም፤ ደብዳቤያቸው «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ የሚደርሳቸው እጅግ ብዙ ሰዎች የሚኖሩት በፌርፋክስ ካውንቲ ግዛት ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ጉዳዩ የሚታየው ሰውየው በሚኖርበት ሳይሆን በቆመበት ቦታ ነው፤ እርስዎ የቆሙበት ቤይሊስ ክሮስሮድስ ደግሞ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት እርስዎ ኪንግ ስትሪት ላይ ቆመው ሳለ፣ ስምዎ የተጠራው ፌርፋክስ ከተማ በሚገኘው የካውንቲው ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት (እንዲህ ያሉ የትራፊክ ጉዳዮች መጀመሪያ የሚታዩበት ችሎት) ነበር። የፍርድ ቤቱ ስምና አድራሻ በመጥሪያው ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ሳለ ዓይናችን ቀንና ሰዓቱ ላይ ብቻ ያርፋል። በዚህ የተሳሳቱት እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም፤ ከእኛ ሰውም ብቻ አይደለም።

ቀንና ሰዓት ካነሣሁ ዘንድ ለሌሎች አንባቢያን አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ፤ «03/06» ለእነርሱ ማርች 6 ነው፤ ቀን አስቀድሞ መጻፍ የለመደ ሰው ግን ጁን 3 ብሎ ያነበዋል፤ ሦስት ወር ሙሉም ተረጋግቶ ይቀመጣል። ጠዋት «9:30» የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ለእናታቸው በስልክ «ሦስት ሰዓት ተኩል» ብለው ሲነግሩ ቆይተው፣ በኋላ ራሳቸው በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ በሦስት ሰዓት ተኩል የመጡ አንድ አባት አውቃለሁ። ችሎቱ ተዘግቶ፣ ጽዳት ሠራተኛው ወንበር እየደረደረ ነበር።

ወደ ካፒያሱ ልመለስ። ቃሉ የላቲን ሲሆን ሰውን ይዞ ለማምጣት የሚሰጥ ትእዛዝ ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ዳኛው ያወጣው የመያዣ ትእዛዝ ነው። «በዓመቱ ይቃጠላል» ያለዎት ሰው ተሳስቷል። ትእዛዙ ተፈጻሚ እስኪሆን ወይም ዳኛው ራሱ እስኪያነሣው ድረስ ይቆያል፤ አምስት ዓመት ቆይቶ በአንድ የትራፊክ ፍተሻ ላይ ብቅ ያለበትን ሰው አስተርጉሜለታለሁ። ሜሪላንድ መግባትም መፍትሔ አይሆንም፤ መንጃ ፈቃድ ለመቀየር ሲሄዱ የቨርጂኒያው እገዳ እዚያም ይታያል፤ ያውም የመጀመሪያው ዕዳዎ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ ነው።

ማወቅ የሚገባዎ ሌላው ነገር አሁን ሁለት ጉዳዮች እንዳሉብዎት ነው። የመጀመሪያው በታገደ ፈቃድ መንዳት ሲሆን፣ በቨርጂኒያ ሕግ የመጀመሪያ ደረጃ ሚስዲሚነር (ከከባድ ወንጀል ዝቅ ያለ ወንጀል) ነው፤ ጣሪያው እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ ይደርሳል፤ በተጨማሪም ፈቃዱ እንደገና ለተወሰነ ጊዜ እንዲታገድ ያደርጋል። ጣሪያውን የጻፍኩት ለማስፈራራት አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበና ፈቃዱን ያስመለሰ ሰው ወደዚያ ጣሪያ ሲጠጋ እኔ አላየሁም። በ10 ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የተገኘ ሰው ግን ዳኛው ቢራራለትም እንኳ ከ10 ቀን እስራት አያመልጥም፤ ይህ በሕጉ የተቆረጠ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ በቀጠሮ ቀን አለመቅረብ ነው፤ ይህም ብቻውን ሌላ ክስ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕጉ የሚቀጣው ሆን ብሎ የቀረውን ነው። እርስዎ ሆን ብለው አልቀሩም፤ ቀድመው ተነሥተው፣ ለብሰው፣ የተሳሳተ በር አንኳኩተዋል። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ማስረጃ ግን ይፈልጋል።

ማስረጃው ምን ሊሆን ይችላል? መኪናውን በዚያ ጠዋት ኪንግ ስትሪት አካባቢ አቁማችሁ ከሆነ የፓርኪንጉ ደረሰኝ ወይም በስልክ የተከፈለበት መዝገብ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ የወሰዱት የፈቃድ መልእክት፤ ያደረሰዎት ጓደኛዎ የሚሰጠው ቃል፤ የስልክዎ የጉዞ ታሪክ፤ ከመስኮቱ ሲመለሱ ለባለቤትዎ ወይም ለወንድምዎ «ስሜ የለም አሉኝ» ብለው የላኩት የጽሑፍ መልእክት። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ቀንና ሰዓት ስለተጻፈበት ከረጅም ንግግር ይልቅ ዳኛን ያሳምናል። ሁሉንም አትመው በወረቀት ይያዙ። ስልክ ወደ ፍርድ ቤት ሕንጻ ማስገባት የማይፈቀድባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቢፈቀድም ዳኛ ፊት ቆሞ ስክሪን ማሻሸት አያምርም።

አሁን ወደ አካሄዱ እንግባ። መጀመሪያ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ የጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤቶችን የጉዳይ መፈለጊያ ከፍተው፣ «ፌርፋክስ ካውንቲ» የሚለውን መርጠው ራስዎ ያንብቡ፤ በወዳጅ ስልክ በታየ ነገር ብቻ አይወስኑ። የእኛ ስም አንዴ በአባት፣ አንዴ በአያት ስም ይመዘገባል፤ አጻጻፉም ይለያያል፤ ስለዚህ መጥሪያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ያስገቡ፤ የመዝገብ ቁጥሩንም ይጻፉት። እዚያ ከሁለት አንዱን ያገኛሉ። ወይ ካፒያስ ወጥቷል፣ ወይም ደግሞ ጉዳዩ እርስዎ በሌሉበት ታይቶ ተፈርዷል። ስልክ ይዞ መንዳቱ ቀላል የትራፊክ ጥፋት ስለሆነ እሱ በሌሉበት ተፈርዶ፣ የእገዳው ክስ ብቻ በካፒያስ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን መዝገቦች ለየብቻ ይመልከቱ።

ካፒያስ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ጠበቃ መያዝ ከቻሉ፣ ጠበቃው ዳኛው ትእዛዙን እንዲያነሣና አዲስ ቀጠሮ እንዲሰጥ በጽሑፍ ማመልከት ይችላል፤ ዳኛው ከተቀበለው እርስዎ ሳይያዙ ነገሩ ወደ ቀድሞ መሥመሩ ይመለሳል። አቅም ካልፈቀደ ሁለተኛው መንገድ ራስዎ ወደ ማጅስትሬቱ መቅረብ ነው። ማጅስትሬት ጉዳዩን አይፈርድም፤ የዋስትናውን ነገር ብቻ ነው የሚወስነው። የፌርፋክሱ የሚገኘው በካውንቲው ማረሚያ ቤት ሕንጻ ውስጥ ሲሆን ሌሊትና ቀን ክፍት ነው። ትእዛዙ ይነበብልዎታል፤ አሻራና ፎቶ ሊነሡ ይችላሉ፤ ከዚያም ማጅስትሬቱ የሚጠይቀው የት እንደሚኖሩ፣ የት እንደሚሠሩ፣ ቤተሰብ እንዳለዎት፣ ከዚህ በፊት ቀጠሮ ቀርተው ያውቁ እንደሆነ ነው። ራሱን ይዞ የመጣ፣ ሥራና ቤት ያለው፣ የቀድሞ ጥፋት የሌለበት ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሳያስይዝ በፊርማ ይለቀቃል፤ አዲሱን ቀጠሮም በእጁ ይዞ ይወጣል። ገንዘብ አስይዝ ከተባሉ ግን ሙሉውን ራስዎ ቢያስይዙ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለስልዎታል፤ በዋስ ድርጅት በኩል ከሆነ የሚከፍሉት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሆነው ክፍያ አይመለስም። «እንደረገጥክ ካቴና ነው» ያለዎት ወዳጅዎ ሙሉ በሙሉ ዋሽቷል ማለት አልችልም፤ ለጥቂት ሰዓታት በቁጥጥር ሥር መቆየት ሊያጋጥም ይችላል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን አይሂዱ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ በልተው፣ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወስደው፣ የሚጠብቅዎት ሰው ውጭ አቁመው ይግቡ።

ከዚህ በፊት ግን፣ አስቀድሜ ዝግጅት ያልኩት ሥራ አለ፤ እሱም የሜሪላንዱ ቲኬት ነው። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ ካፒያሱ ይጨነቃል እንጂ ሁሉን የወለደው ያ የ90 ዶላር ወረቀት መሆኑን ይረሳል። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቲኬት የተሰጠው ሰው በ30 ቀን ውስጥ መክፈል ወይም ዳኛ ፊት ልቅረብ ብሎ መጠየቅ አለበት። ዝም ካለ እዚያ የመንዳት መብቱ ይታገዳል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ መልስ ያልተሰጠበትን ቲኬት እርስ በርስ በሚያስታውቁበት የስቴቶች ስምምነት ውስጥ ስላሉ፣ ወሬው መንጃ ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ቨርጂኒያ ዲኤምቪ ይደርሳል፤ የቨርጂኒያው ፈቃድዎም በዚህ ይታገዳል። የእገዳው ደብዳቤ የሚላከው ዲኤምቪ ዘንድ ወዳለው አድራሻ ነው። ቤት ሲቀይሩ በ30 ቀን ውስጥ አላስታወቁም ብዬ እገምታለሁ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። (በፍጥነት ካሜራ ተነሥቶ በፖስታ የሚመጣው ቅጣት ሌላ ነው፤ እሱ መኪናውን እንጂ ነጂውን አይከተልም፤ በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብም የለውም።)

ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳይሉ የሜሪላንዱን ቲኬት ከነተጨማሪ ወጪው ይክፈሉ ወይም ቀጠሮ ይጠይቁበት፤ መፈጸሙን የሚያሳይ ወረቀት ይቀበሉ። ከዚያ ወደ ቨርጂኒያ ዲኤምቪ ሄደው ፈቃዱን ለማስመለስ የሚጎድልዎትን ዘርዝሮ የሚያሳየውን «ኮምፕላያንስ ሳመሪ» የተባለውን ወረቀት ይጠይቁ። እርስዎ የማያውቁት ሌላ ነገር ተደርቦ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። የማስመለሻ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ 145 ዶላር ነው። አንዳንድ ሰው «የፍርድ ቤት ዕዳ ስላለብኝ ነው የታገድኩት፤ እሱን ለመክፈል ደግሞ መሥራት አለብኝ» ሲል ይሰማል፤ ቨርጂኒያ በራሷ ፍርድ ቤቶች ያልተከፈለ መቀጫን ምክንያት አድርጋ ፈቃድ ማገዱን ከ2020 ጀምሮ በሕግ አስቀርታለች። የእርስዎ ዓይነቱ የሌላ ስቴት ቲኬት ግን በዚያ አልተነካም።

ፈቃዱን አስመልሰው ዳኛ ፊት መቆም ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ብዙ ይጠቅማል። ዐቃቤ ሕግ ክሱን «ያለ ፈቃድ መንዳት» ወደሚለው ዝቅተኛ ክስ ሊያወርደው ይችላል፤ ፈቃዱን ጨርሶ ያላስመለሰ ሰው ይህን ዕድል የሚያገኘው በጭንቅ ነው። ሌላም ነጥብ አለ። በታገደ ፈቃድ በመንዳት ለመቅጣት ሰውየው እገዳው እንደተነገረው መረጋገጥ አለበት። እርስዎ አልሰማሁም ብለዋል፤ ደብዳቤው ደግሞ ወደ አሮጌው አድራሻ ሄዷል። በመዝገብ ወዳለው አድራሻ መላኩ ብቻውን በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የጠበቃ ክርክር ነው፤ እኔ የምመክርዎ ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ በዚህ ነጥብ ላይ ችሎት ውስጥ ቃል እንዳያመልጥዎ ነው።

ቃል ማምለጥ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዳኛው በእንግሊዝኛ «ፈቃድህ መታገዱን ታውቅ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄውን በግማሽ የሰማው ሰው ከአክብሮት የተነሣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «እሺ» ይላል፤ ወይም እኛ እንደምናደርገው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ይላል። እኛ «እየሰማሁዎት ነው» ማለታችን ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን «አውቅ ነበር» ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። አንድ ጊዜ ይህን ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ ዳኛው ድንጋጤ መስሎት «ውኃ ስጡት» ብሎ አዟል። እንግሊዝኛ በሥራ ቦታ ቢበቃዎትም እንኳ በወንጀልና በትራፊክ ጉዳይ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይሰጥዎታል፤ አስቀድመው ለሬጅስትራሩ ጽሕፈት ቤት ደውለው «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ። ዕለቱን ብቻ ከጠየቁ አስተርጓሚ ስለማይገኝ ቀጠሮው ሊራዘም ይችላል።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለዎት ዳኛውን ይጠይቁ፤ እስራት ሊያስከትል በሚችል ክስ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ፍርድ ቤቱ ይመድብለታል። ዳኛው ወይም ዐቃቤ ሕጉ «በዚህ ጉዳይ እስራት አይኖርም» ብለው አስቀድመው ካስታወቁ ግን ምደባው ላይሰጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሰው ደስ ብሎት «እንግዲያው ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ልገላገል» ይላል። እርስዎ ግን ዜግነት አመልክተዋልና አይቸኩሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንደወሰነው፣ የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን በኢሚግሬሽን ላይ የሚያስከትለውን ለደንበኛው መንገር ግዴታው ነው፤ ጠበቃ ከሌለዎት ግን ይህን የሚነግርዎ የለም። በታገደ ፈቃድ መንዳት ብቻውን ከአገር የሚያስባርር ዓይነት ወንጀል ተደርጎ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። ይሁንና ያልተዘጋ መዝገብ ይዞ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ መግባት ትርፉ መዘግየት ነው፤ በቅጹ ላይ ተይዘው ወይም ክስ ቀርቦብዎ ያውቃል ወይ ተብለው ሲጠየቁ መደበቅ ደግሞ ከራሱ ከክሱ የከፋ ጥፋት ይሆናል። ካፒያሱ መንገድ ላይ ቢፈጸምብዎ አሻራዎ ከእስር ቤቱ ወደ ፌዴራል መዝገብ ይሄዳል፤ ይህም በማጅስትሬቱ በኩል ሲቀርቡ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ምክርም ቢሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ከመቅረብዎ በፊት ያነጋግሩ። በዚህ ገንዘብ መቆጠብን አልደግፍም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ።

መጥሪያው ላይ መፈረምዎ ያስጨነቀዎት ከሆነ፣ ፊርማው ለመቅረብ የሰጡት ቃል እንጂ ጥፋተኝነትን ማመን አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው አርሊንግተን ነው። በታገደ ፈቃድ ነድተሻል ተብዬ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ሳለ እናቴ በድንገት ዐረፈችና ጎንደር ለቅሶ ሄድኩ። በዚያ ሐዘን መካከል ቀጠሮው ትዝም አላለኝ። ስመለስ ጉዳዩ በሌለሁበት ታይቶ መቀጫና ተጨማሪ እገዳ እንደተፈረደብኝ የሚገልጽ ወረቀት አገኘሁ። ይህን ስጽፍ ከተፈረደ 34 ቀን ሆኖታል። ይግባኝ የሚሉት ነገር አልፎኛል አሉ። ከፍዬ ዝም ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እናትሽን ነፍሷን ይማር። ሰው ቤት ለቅሶ ደርሶ የሚያወራ ጎረቤት እንደሚለው «አንቺ» እልሻለሁ፤ ቅር እንዳይልሽ።

ይግባኙ በእርግጥ አልፎሻል። በቨርጂኒያ ከጄኔራል ዲስትሪክት ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚባለው በ10 ቀን ውስጥ ነው፤ ያኔ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይሰማል። ነገር ግን ሌላ በር አለ፤ ሰዎችም የማያውቁት ይህን ነው። እስከ 60 ቀን ድረስ ያው የፈረደው ፍርድ ቤት በበቂ ምክንያት መዝገቡን እንዲከፍተው ማመልከት ይቻላል። እናትን ለመቅበር አገር ቤት መሄድ በቂ ምክንያት እንዲባል የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው። የአውሮፕላኑን ቲኬትና የመሳፈሪያውን ቁራጭ፣ በፓስፖርትሽ ላይ የተመታውን የመግቢያና የመውጫ ማኅተም፣ የሞት ምስክር ወረቀት ወይም ቀብሩን ያስፈጸመው የሰበካ ጉባኤ የሰጠውን ማህተም ያለበት ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አያይዢ። ለተዝካሯ እንደገና ልትሄጂ ያሰብሽ እንደሆነ፣ የጉዞሽ ቀን ከ60ው ቀን ጋር እንዳይጋጭ ቁጠሪው፤ የሚቆጠረው ከተፈረደበት ቀን እንጂ ወረቀቱን ካየሽበት ቀን አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል።

እስከዚያ መቀጫውን አትክፈዪ ማለቴ አይደለም፤ ከመክፈልሽ በፊት ግን ጠበቃ ወይም የነጻ የሕግ አገልግሎት ጠይቂ፤ መክፈሉ ማመልከቻሽን ይነካው እንደሆነ አስረግጠሽ እወቂ። ፍርዱ ላይ ተጨማሪ እገዳ ስላለ፣ መቀጫውን ከፍለሽ ጨርሻለሁ ብለሽ መሪ ብትጨብጪ ለሁለተኛ ጊዜ ትከሰሻለሽ። ዳኛው መዝገቡን ሲከፍተው ፈቃድሽ ለምን ታግዶ እንደነበር ይጠይቃልና፣ ከላይ ለወንድማችን እንዳልኩት መነሻውን አስቀድመሽ አስተካክዪ።

ደብዳቤሽ በእጄ የደረሰው በ39ኛው ቀን ስለሆነ፣ መጽሔቱ እስኪታተም መጠበቅ እንደማይቻል አይተን በሰጠሽው ስልክ ይህንኑ ነግረንሻል። የአርሊንግተን ሬጅስትራር ማመልከቻውን ከተቀበለሽ፣ ቀኑ የተመታበትን ቅጂ ሳትይዢ ከመስኮቱ እንዳትነሺ።